የሞተር ሳይክል ክብደትና የጎማ ምርጫ በመንገድ ላይ ሚዛን ስለሚያሳድሩት ተጽዕኖ

ሞተር ሳይክል ከመንገድ ጋር የሚገናኘው በሁለት ጠባብ የጎማ ክፍሎች ብቻ ነው። አንድ መቶ ኪሎ ግራም ያረፈበትና በትክክል የተነፋ የትንሽ ሞተር ሳይክል ጎማ በአንድ ቅጽበት መሬት የሚነካው ከ50 እስከ 60 ካሬ ሴንቲ ሜትር በሚሆን ስፋት ሲሆን፣ ይህም የአንድ አዋቂ ሰው መዳፍ እንኳ አይሞላም። ለመነሳት፣ ለመታጠፍም ሆነ ለመቆም የሚያስፈልገው ኃይል ሁሉ የሚተላለፈው በዚህች ቦታ ነው። መኪና አንዱ ጎማው ቢንሸራተት የቀሩት ሦስቱ ይደግፉታል። ሞተር ሳይክል ግን የፊት ጎማው ከተንሸራተተ አሽከርካሪው ሚዛኑን መልሶ ለመያዝ የሚያገኘው ጊዜ እጅግ አጭር ነው።

በሀገራችን ሞተር ሳይክል የጤናና የግብርና ባለሙያዎች ወደ ገጠር ቀበሌዎች የሚደርሱበት፣ ወጣቶች ዕቃ በማድረስ የሚተዳደሩበት፣ በበርካታ የክልል ከተሞችም ሕዝብ የሚጓጓዝበት ተሽከርካሪ ነው። ከእነዚህ ሞተር ሳይክሎች አብዛኞቹ ከ100 እስከ 150 ሲሲ ጉልበት ያላቸው ሲሆኑ ክብደታቸው ከ100 እስከ 130 ኪሎ ግራም ገደማ ነው። የሚጭኑት ግን ብዙ ጊዜ ከራሳቸው ክብደት ይበልጣል። አንድ የቤት መኪና አምስት ሰው ቢጭን እንኳ የተሳፋሪዎቹ ክብደት የመኪናውን ክብደት ሲሶ ያህል ቢሆን ነው። ሁለት ሰው የጫነ ሞተር ሳይክል ግን ገና ዕቃ ሳይታከልበት የራሱን ክብደት የሚያህል ሸክም ተሸክሟል። ስለዚህ ጭነት የሞተር ሳይክልን ጠባይ የሚለውጠው መኪናን ከሚለውጠው በብዙ እጥፍ ነው፤ ባዶውን በቀላሉ የሚታዘዝ ሞተር ሳይክል ሲጫን ሌላ ተሽከርካሪ ይሆናል ቢባል ማጋነን አይሆንም።

ይህ ማብራሪያ የተዘጋጀው ሞተር ሳይክል ለሚያሽከረክሩ፣ ለሚያከራዩና ለሠራተኞቻቸው ለሚመድቡ ተገልጋዮች ነው። ዓላማውም ክብደት በሁለቱ ጎማዎች ላይ እንዴት እንደሚከፋፈል፣ ለጭነቱና ለመንገዱ የሚስማማው ጎማ እንዴት እንደሚመረጥ ማስገንዘብ ነው።

ክብደቱ የት ላይ ያርፋል?

ስለ ጭነት ሲነሳ በተለምዶ የሚጠየቀው “ስንት ኪሎ ይችላል?” ተብሎ ነው። ጥያቄው ተገቢ ቢሆንም ግማሽ ነው። ሌላው ግማሽ ኪሎው የትኛው ጎማ ላይ ያርፋል የሚለው ነው።

ለማሳያ ያህል 120 ኪሎ ግራም የሚመዝን ሞተር ሳይክል እንውሰድ። ባዶውን ሲቆም 57 ኪሎ ግራሙ በፊት ጎማ፣ 63 ኪሎ ግራሙ በኋላ ጎማ ላይ ያርፋል እንበል። 65 ኪሎ ግራም የሚመዝን አሽከርካሪ ሲቀመጥበት ከክብደቱ 23 ኪሎ ግራም ያህሉ ወደ ፊት፣ 42 ኪሎ ግራም ያህሉ ወደ ኋላ ይሄዳል፤ ድምሩ ፊት 80፣ ኋላ 105 ይሆናል። ይህ ሞተር ሳይክሉ በደንብ የሚታዘዝበት ሁኔታ ነው። አሁን ተመሳሳይ ክብደት ያለው ሰው ከኋላ ይቀመጥ። የተሳፋሪው መቀመጫ ከኋላ ጎማው በላይ ለማለት በሚያስደፍር ቦታ ላይ ስለሆነ ከ65 ኪሎ ግራም 62ቱ የሚያርፈው በኋላ ጎማ ላይ ሲሆን፣ ፊት 83፣ ኋላ 167 ይሆናል። በመጨረሻም በፖርቶመጋላው ላይ 40 ኪሎ ግራም ዕቃ ይታሰር። የዕቃው መሐል ከኋላ ጎማው እምብርት 20 ሴንቲ ሜትር ያህል ወደ ኋላ የወጣ ከሆነ እንደ ማንሻ ዘንግ ሆኖ የፊቱን ወደ ላይ ያነሳል። ውጤቱ ፊት 77፣ ኋላ 213 ኪሎ ግራም ነው።

በዚህ ስሌት ውስጥ ሁለት ነገሮች ሊስተዋሉ ይገባል። አንደኛው፣ ጠቅላላ ክብደቱ ከ185 ወደ 290 ኪሎ ግራም ሲያድግ የፊት ጎማው ቀድሞ ከነበረው 80 ኪሎ ግራም ወደ 77 ዝቅ ማለቱ ነው። መሪ የሚዞረውና ዋናው ፍሬን የሚሠራው በፊት ጎማ እንደመሆኑ፣ መቶ ኪሎ ግራም የሚበልጥ ተጨማሪ ሸክም የሚመራው ከቀድሞው ያነሰ ክብደት ባረፈበት ጎማ ነው ማለት ነው። አሽከርካሪዎች “መሪው ቀለለኝ” የሚሉት ይህንን ነው። ሁለተኛው፣ የኋላው ጎማ ጭነት በእጥፍ ማደጉ ነው። ሞተር ሳይክሉ ዳገት ሲወጣና ነዳጅ ሲሰጠው ደግሞ ክብደቱ ይበልጥ ወደ ኋላ ይሸሻል። በጥሩ አስፋልት ላይ ፍጥነት ሲጨመር መሪው ግራና ቀኝ መወዛወዝ የሚጀምረውም ከዚሁ የተነሳ ሊሆን ይችላል። እንዲህ ሲያጋጥም ፍሬን በድንገት መያዝ አደገኛ ነው፤ ነዳጁን ቀስ በቀስ መቀነስና መሪውን ሳያፍኑ ጠበቅ አድርጎ መያዝ ይገባል።

ከፍታም የራሱ ድርሻ አለው። በተሳፋሪው ትከሻ ቁመት የተከመረ ጆንያ ወለል አጠገብ ከታሰረ ተመሳሳይ ጆንያ ይልቅ ሞተር ሳይክሉን ወደ ጎን ያዘነብለዋል። ሃያ ሊትር የሚይዝ ጀሪካን ሞልቶ ከታሰረ 20 ኪሎ ግራም ውኃ ነው፤ ጎደል ሲል ግን ውኃው በየመታጠፊያው ከአሽከርካሪው ዘግይቶ ወዲያና ወዲህ ስለሚሄድ፣ ከሞላው ይልቅ ሚዛን የሚያስተው የጎደለው ነው። ከባዱን ዕቃ ዝቅ አድርጎና ወደ መሐል አስጠግቶ፣ በሁለቱ ጎን እኩል ከፍሎ ማሰር ምንም ወጪ የማይጠይቅ መፍትሔ ነው። የዕቃ ማድረሻ ሣጥን የሚያስገጥሙ ተገልጋዮችም ሣጥኑ ወደ መቀመጫው ተጠግቶ እንዲታሰር ቢያዙ ይመከራል። ወደ ኋላ በወጣ ቁጥር የፊቱን ጎማ ያቀለዋልና።

ጭነትና ፍሬን

አንድ ተሽከርካሪ በሰዓት 60 ኪሎ ሜትር ሲጓዝ ፍሬን ከተያዘበት ቅጽበት አንሥቶ ለመቆም በደረቅ አስፋልት ላይ 20 ሜትር ያህል፣ በልቅ ጠጠር ላይ ግን 40 ሜትር ያህል ያስፈልገዋል። አሽከርካሪው አደጋውን አይቶ ፍሬን እስኪይዝ በአንድ ሰከንድ ውስጥ የሚያልፈው 17 ሜትር ያህል በዚህ ውስጥ አልተቆጠረም። በንድፈ ሐሳብ ደረጃ ጎማው መንገዱን እስከ መጨረሻው አቅሙ ከያዘ፣ የከበደውም የቀለለውም በአንድ ርቀት ሊቆሙ ይችላሉ። በተግባር ግን ትናንሽ ሞተር ሳይክሎች ላይ ቀድሞ የሚደክመው ጎማው ሳይሆን ፍሬኑ ነው። ከላይ በተጠቀሰው ምሳሌ ክብደቱ ከ185 ወደ 290 ኪሎ ግራም ሲያድግ ፍሬኑ ወደ ሙቀት ለውጦ ሊያስወግደው የሚገባው ጉልበት ከአንድ ተኩል እጥፍ በላይ ያድጋል። ባለ ታምቡር ፍሬን ደግሞ ሙቀቱን ቶሎ አያስወጣም።

ይህ በግልጽ የሚታየው በረጅም ቁልቁለት ላይ ነው። ከጎሐ ጽዮን ወደ ዓባይ ድልድይ የሚወርደው መንገድ ከአንድ ሺህ ሜትር በላይ ከፍታ የሚያስጥል ተከታታይ ጠመዝማዛ ነው። ተሳፋሪና ዕቃ ጭኖ ይህን መንገድ በፍሬን ብቻ የሚወርድ አሽከርካሪ ግማሽ ሳይደርስ ፍሬኑ ሲላላበት ሊያገኘው ይችላል። ከመውረድ በፊት ዝቅተኛ ማርሽ ማስገባትና ሞተሩ ራሱ እንዲይዝ ማድረግ፣ ፍሬኑንም ያለማቋረጥ ከመርገጥ ይልቅ እየያዙ መልቀቅ ያስፈልጋል። ሽታ ሲመጣ ወይም የፍሬኑ መርገጫ ከወትሮው ሲጠልቅ ጥግ ይዞ ማቀዝቀዝ እንጂ “ትንሽ ነው የቀረኝ” ብሎ መቀጠል አይገባም።

ብዙ አሽከርካሪዎች የፊት ፍሬን ይገለብጣል በሚል ስጋት የኋላውን ብቻ ይጠቀማሉ። ፍሬን ሲያዝ ክብደት ወደ ፊት ስለሚሸሽ የኋላው ጎማ እየቀለለ ይሄድና ቶሎ ይቆለፋል፤ ርቀቱም ይረዝማል። በአስፋልት ላይ ሁለቱንም በአንድነት፣ የፊቱን ቀስ እያሉ እያጠነከሩ መያዝ ትክክለኛው መንገድ ነው። በጠጠርና በጭቃ ላይ ግን የፊቱን ማለዘብ፣ በመታጠፊያ መሐልም አለመያዝ ይገባል። ከኋላ ብዙ በተጫነ ጊዜ የኋላው ፍሬን ድርሻ ከወትሮው ከፍ ማለቱ እውነት ነው፤ ይህ ግን የፊቱን ለመተው ምክንያት አይሆንም።

በጎማው ጎን የተጻፈውን ማንበብ

ጎማ ሲገዛ ከዋጋው በፊት በጎኑ የታተመው ጽሑፍ ሊነበብ ይገባል። በሀገራችን በብዛት በሚታዩት ትናንሽ ሞተር ሳይክሎች ላይ “3.00-17” የሚል ዓይነት ልኬት ይገኛል። የመጀመሪያው ቁጥር የጎማው ስፋት በኢንች፣ ሁለተኛው ጎማው የሚገጠምበት ቸርኬ ዲያሜትር በኢንች ነው። “90/90-17” የሚል ከሆነ የመጀመሪያው 90 ስፋቱን በሚሊ ሜትር፣ ሁለተኛው 90 ቁመቱ ከስፋቱ 90 በመቶ መሆኑን፣ 17 ደግሞ የቸርኬውን ዲያሜትር ያመለክታል።

ከልኬቱ ቀጥሎ አንድ ቁጥርና አንድ የላቲን ፊደል አሉ። ገዢዎች አብዛኛውን ጊዜ የማያዩት ይህንን ነው፤ ለሚጭን ሰው ግን ከሁሉም የሚበልጠው ይኸው ነው። ቁጥሩ ጎማው በትክክል ተነፍቶ ሊሸከም የሚችለውን ከፍተኛ ክብደት ይገልጻል። 42 ማለት 150 ኪሎ ግራም፣ 47 ማለት 175፣ 51 ማለት 195፣ 57 ማለት 230 ኪሎ ግራም ነው። በኪሎ የተጻፈ የሚመስላቸው አሉ፤ አይደለም፣ የስምምነት መለያ ቁጥር ነው። ፊደሉ የፍጥነት ጣሪያ ሲሆን “ጄ” በሰዓት 100፣ “ኤል” 120፣ “ፒ” 150 ኪሎ ሜትር ነው። ለእነዚህ ሞተር ሳይክሎች ፍጥነቱ እምብዛም አሳሳቢ አይሆንም።

አሁን ወደ ቀደመው ምሳሌ እንመለስ። በኋላ ጎማው ላይ ያረፈው 213 ኪሎ ግራም ነበር። ጎማው 51 የሚል መለያ ካለው አቅሙ 195 ኪሎ ግራም ስለሆነ 18 ኪሎ ግራም ታልፏል። አሽከርካሪው ይህን የሚያውቅበት መንገድ የለውም፤ ጎማው በዕለቱ አይፈነዳም። የጎኑ ገመድ በእያንዳንዱ ዙር ከአቅሙ በላይ እየታጠፈ ይሞቃል፣ ይላላል፤ ከሳምንታት በኋላ ቆላ መንገድ ላይ፣ በቀትር፣ በፍጥነት ሲጓዝ ይፈነዳል። የሚከሰሰውም የዚያን ቀን ሚስማር ወይም ድንጋይ ይሆናል።

በጎኑ ላይ ሌላም የሚታይ ነገር አለ። በሞላላ ክብ ውስጥ የተጻፉት አራት ቁጥሮች ጎማው የተመረተበትን ሳምንትና ዓመት ያሳያሉ። “2522” ቢል በ2022 ዓመት 25ኛው ሳምንት የተመረተ ነው። ዓመቱ በአውሮፓውያን አቆጣጠር መሆኑን ልብ ማለት ይገባል። በእኛ አቆጣጠር ሰኔ 2014 ላይ ይውላል፤ በዚህ ረገድ የሚሳሳት ገዢ አሮጌውን ጎማ አዲስ አድርጎ ሊወስድ ይችላል። ላስቲክ በመደርደሪያ ላይ ቢቆይም፣ ይልቁንም ፀሐይ ካገኘው፣ እየደረቀ ይሄዳል። ጥርሱ ሙሉ ሆኖ በጎኑ ላይ ስንጥቅጥቅ ያለ ጎማ እርጥብ አስፋልትን አይዝም።

የሚዞርበትን አቅጣጫ የሚያሳይ ቀስት ያለው ጎማ በቀስቱ መሠረት መገጠም አለበት። ጎሚስታው ጎማ ሲቀይር ቀስቱን አይቶ መግጠሙን ባለቤቱ ቆሞ ቢያረጋግጥ ይመረጣል።

የትኛው ጎማ ለየትኛው መንገድ?

ሁሉን መንገድ እኩል የሚይዝ ጎማ የለም። ምርጫው የሚጀምረው አሽከርካሪው “ከአሥር ኪሎ ሜትር ስንቱን በአስፋልት፣ ስንቱን በጠጠርና በጭቃ እሄዳለሁ?” ብሎ ራሱን ሲጠይቅ ነው።

ጥርሳቸው ጥልቀት የሌለውና ተያያዥ የሆኑ የአስፋልት ጎማዎች መሬት የሚነኩት በሰፊው ስለሆነ በአስፋልትና በኮብልስቶን ላይ የተሻለ ይይዛሉ፤ ቦዮቻቸውም የዝናብ ውኃን ወደ ጎን ያስወጣሉ። በጭቃ ላይ ግን ቦዮቹ ወዲያው ይደፈኑና ጎማው ልሙጥ ይሆናል። ትላልቅና የተራራቁ ጥርሶች ያሏቸው የጭቃ ጎማዎች በተቃራኒው ልል መሬት ውስጥ ገብተው ይቧጥጣሉ። እነዚህኑ አስፋልት ላይ ስንወስዳቸው መሬት የሚነኩት በጥርሶቹ ጫፍ ብቻ ነው፤ ፍሬን ሲያዝና ሲታጠፍ ጥርሶቹ ስለሚታጠፉ ሞተር ሳይክሉ የሚዋልል ይመስላል፣ የመቆሚያ ርቀቱም ይረዝማል። ለገጠር ሥራ ተብለው የሚገዙ እንደ ያማሃ ኤጂ ያሉ ሞተር ሳይክሎች በአብዛኛው ለልል መሬት በሚሆኑ ጎማዎች ይመጣሉ። መሥሪያ ቤቶች ሞተር ሳይክሉን ከወረዳ ወደ ከተማ ሲያዛውሩ ጎማውንም መለወጥ እንደሚያስፈልግ ቢያስቡበት መልካም ነው። አሽከርካሪው ግማሽ ጊዜውን በአስፋልት፣ ግማሹን በጠጠር የሚያሳልፍ ከሆነ ለሁለቱም ተብለው የሚሠሩ መካከለኛ ጥርስ ያላቸው ጎማዎች አሉ፤ በየትኛውም መንገድ አንደኛ ባይሆኑም በሁለቱም አያሳፍሩም።

የክረምቱ ጥቁር አፈር የተለየ ጉዳይ ነው። ይህ አፈር ሲረጥብ ከጎማው ጋር ተጣብቆ እየተጠቀለለ በጎማውና በፓራፋንጎው መካከል ይጠራቀማል። ፓራፋንጎው ለጎማው የተጠጋ የከተማ ሞተር ሳይክል ከሆነ ጭቃው የፊቱን ጎማ እስከ ማቆም ይደርሳል። ምንም ዓይነት ጥርስ ያለው ጎማ ይህን አይፈታም። ጭቃውን እየቆሙ መፈንቀል፣ ወይም ከፍ ያለ ፓራፋንጎ ያለው ሞተር ሳይክል መጠቀም ካልሆነ በስተቀር መንገዱ እስኪደርቅ መጠበቅ ነው። በተመሳሳይ ሁኔታ ከረጅም በጋ በኋላ የመጀመሪያው ዝናብ ሲጥል በአስፋልት ላይ የከረመው አቧራ፣ ዘይትና ናፍጣ ከውኃው ጋር ተቀላቅሎ ያንሸራትታል። አደባባዮችና ከባድ መኪናዎች የሚቆሙባቸው ቦታዎች ከሌላው ይብሳሉ።

ጎማው በሰፋ ቁጥር ይሻላል የሚለው አመለካከት በስፋት የሚሰማ ስለሆነ ጥቂት ማብራራት ያስፈልጋል። አምራቹ ለአንድ ቸርኬ የሚፈቅደው የስፋት መጠን የተወሰነ ነው። ከዚያ የሚሰፋ ጎማ በጠባብ ቸርኬ ላይ ሲገጠም ጎኖቹ ወደ ውስጥ ስለሚጨመቁ የጎማው መሐል ሾጣጣ ይሆናል፤ ሞተር ሳይክሉ ቀጥ ብሎ ሲሄድ መሬት የሚነካው እንዲያውም ይጠባል፣ ሲታጠፍም በድንገት የሚወድቅ ዓይነት ስሜት ይሰጣል። ጎኑ ካቴናውን ወይም ሹካውን ሊፈገፍግም ይችላል። ቁመቱ ከፍ ያለ ከሆነ ማርሹ የከበደ ያህል ስለሚሆን ተሳፋሪ ጭኖ ዳገት መውጣት ይቸግራል፤ የፍጥነት መለኪያውም ትክክለኛውን አያነብም። ሰፊ ጎማ በእርግጥ የሚጠቅመው እንደ አሸዋ ባለ መሬት ላይ እንዳይሰምጥ ነው። ሥሩ ጠንካራ በሆነ ስስ ጭቃ ላይ ግን ጠባቡ ጎማ ጭቃውን ሰንጥቆ ጠንካራውን ስለሚያገኝ ይሻላል። ጭነት ለመጨመር የሚፈልግ ሰው መፈለግ ያለበት ስፋት ሳይሆን፣ በትክክለኛው ልኬት ከፍ ያለ የመሸከም መለያ ቁጥር ያለው ጎማ ነው። ያም ቢሆን ጎማው ብቻ እንጂ የሞተር ሳይክሉ አካልና ፍሬን አቅም እንደማይጨምር መታወቅ አለበት።

ሁለቱን ጎማዎች በአንድ ጊዜ መግዛት የማይችል አሽከርካሪ አዲሱን የት ይግጠም? የኋላው ቶሎ ስለሚያልቅ ብዙዎች የፊቱን ለዓመታት ይረሱታል። የኋላው ሲንሸራተት አሽከርካሪው ብዙ ጊዜ ሊያስተካክለው ይችላል፤ የፊቱ ሲንሸራተት ግን መውደቅ ነው። ስለዚህ በፊት ጎማ ላይ ያለቀ ወይም የደረቀ ጎማ መተው የተሳሳተ ቁጠባ ነው። ጎማ በጥርሶቹ ቦይ ውስጥ የማለቂያ ምልክት የሚሆኑ ትናንሽ እብጠቶች አሉት። ጥርሱ ከእነዚህ እብጠቶች ጋር ከተስተካከለ ጎማው አልቋል። በሞተር ሳይክል ጎማ ላይ ምልክቱ ብዙ ጊዜ 0.8 ሚሊ ሜትር ገደማ ስለሆነ ዝናብ በሚበዛበት አካባቢ እዚያ እስኪደርስ ባይጠበቅ ይመረጣል። ረጅም ቀጥ ያለ መንገድ የሚያዘወትር ሞተር ሳይክል ጎማው መሐሉ ብቻ ተበልቶ ጠፍጣፋ ይሆናል፤ እንዲህ ያለው ጎማ ሲታጠፉ ከጠርዝ ላይ የሚወጡ ያህል ይሰማል፣ ጎኖቹ ላይ ጥርስ ቢኖረውም መለወጥ አለበት። የተሰፋ፣ ከውስጥ በሌላ ጎማ ቁራጭ የተደገፈ ወይም ላስቲክ የተደረበበት ጎማ ለሞተር ሳይክል ተስማሚ አይደለም።

አዲስ ጎማ ደግሞ ፊቱ ልስልስ ስለሆነ በመጀመሪያዎቹ አንድ መቶ ኪሎ ሜትሮች ፈጥኖ መታጠፍና ፍሬን በኃይል መያዝ አይመከርም።

አየር

እስካሁን የተባለው ሁሉ ጎማው በትክክል ካልተነፋ ዋጋ አይኖረውም፤ ጭነቱን የሚሸከመው በአብዛኛው ላስቲኩ ሳይሆን በውስጡ የታመቀው አየር ነውና። ትክክለኛው መጠን በሞተር ሳይክሉ መመሪያ ወይም በአካሉ ላይ በተለጠፈው ምልክት ይገኛል። ለትናንሽ ሞተር ሳይክሎች ብዙ ጊዜ የሚሰጠው ለፊት 25 ፒኤስአይ፣ ለኋላ አሽከርካሪው ብቻውን ሲሆን 28፣ ከተሳፋሪ ጋር 32 አካባቢ ነው። ልዩነቱ ትንሽ ቢመስልም የኋላው ለብቻ በተነፋበት መጠን ተሳፋሪ ጭኖ መዋል ጎማው በጎኑ እንዲታጠፍና እንዲሞቅ ያደርገዋል።

በአውራ ጣት ተጭኖ ወይም በእግር መትቶ መገመት አያስተማምንም። በተለይ ጎኑ ጠንካራ የሆነ የጭቃ ጎማ ግማሽ አየሩን አጥቶ እንኳ የተነፋ ሊመስል ይችላል። በኪስ የሚያዝ መለኪያ መግዛትና ቢያንስ በሳምንት አንድ ጊዜ፣ ጠዋት ከመነሳት በፊት ጎማው ቀዝቃዛ ሳለ መለካት ይገባል። ሙቀት በ10 ዲግሪ ሴንቲ ግሬድ ሲጨምር መለኪያው ከ1 ፒኤስአይ በላይ ከፍ ይላል፤ ሲጓዝ የዋለ ጎማ ከፍ ያለ ንባብ ቢያሳይ ትክክል ስለሆነ አየር ማስወጣት አያስፈልግም። ከደጋ ወደ ቆላ የሚወርድ አሽከርካሪ ደግሞ የውጪው አየር ግፊት ስለሚጨምር መለኪያው ዝቅ ይልበታል፤ ከአዲስ አበባ ወደ አዋሽ ሲወርዱ ይህ ልዩነት 2 ፒኤስአይ ያህል ነው። የቆላው ሙቀት በከፊል ወይም በሙሉ ያካክሰዋል። ስለዚህ አድረው ሲነሱ ባሉበት ቦታ መልሶ መለካት ነው።

ከመነዳሪ ያላቸው ጎማዎች አንድ ጠቃሚ ምልክት ይሰጣሉ። ቫልቩ ከቸርኬው ቀጥ ብሎ መውጣት ሲገባው ወደ አንድ ጎን ከዘመመ፣ ጎማው አየር አንሶት በቸርኬው ላይ እየተንሸራተተ ከመነዳሪውን ይጎትተዋል ማለት ነው። በዚሁ ከቀጠለ ቫልቩ ከሥሩ ተቆርጦ አየሩ በአንድ ጊዜ ይወጣል። አየር መሙላት ብቻውን የዘመመውን አያቀናም፤ ጎማው ተፈትቶ መስተካከል አለበት። ከመነዳሪ የሌላቸው ቲዩብለስ ጎማዎች ሚስማር ቢወጋቸውም ብዙውን ጊዜ አየሩን ቀስ ብለው ስለሚለቁ አሽከርካሪው ለመቆም ጊዜ ያገኛል፤ ሆኖም ለዚህ በተሠራ ቸርኬ ላይ እንጂ በማንኛውም ባለ ሽቦ ቸርኬ ላይ አይገጠሙም።

ከመጠን በላይ መንፋትም መፍትሔ አይደለም። የደነደነ ጎማ በኮብልስቶንና በኮረኮንች ላይ ስለሚነጥር በነጠረ ቁጥር መሬት ይለቃል። በአሸዋ ወይም በጭቃ ለማለፍ አየር የቀነሰ አሽከርካሪም ወደ አስፋልት ሲመለስ መልሶ መሙላት ስላለበት ትንሽ የእጅ ፓምፕ መያዝ ይኖርበታል።

ለዓመታዊ ምርመራ የሚቀርቡ ተገልጋዮች

በተሽከርካሪ መለያ፣ መመርመሪያና መመዝገቢያ አዋጅ ቁጥር 681/2002 መሠረት ተሽከርካሪዎች ዓመታዊ ምርመራ ይደረግላቸዋል። የሞተር ሳይክል ባለቤቶች ቦሎ ለማደስ ከመቅረባቸው በፊት የሁለቱን ጎማዎች ጥርስ፣ የጎናቸውን ስንጥቅና እብጠት፣ የቫልቭ ሁኔታ፣ የቸርኬውን ቀጥተኛነትና የላሉ ሽቦዎችን በቅርባቸው በሚገኝ ጋራዥ ቢያስፈትሹ ሁለት ጊዜ ከመመላለስ ይድናሉ። ምርመራው የሚያሳየው ግን የዚያን ዕለት ሁኔታ ነው፤ በመስከረም ያለፈ ጎማ በየቀኑ ሁለት ሰው እየጫነ በሚያዝያ ያለቀ ሊሆን ይችላል።

ሞተር ሳይክል ለሠራተኞቻቸው የሚመድቡ መሥሪያ ቤቶችና ድርጅቶች የጎማ ግዥ መጠየቂያ ሲያዘጋጁ “የሞተር ሳይክል ጎማ” ብለው ብቻ ከመጻፍ ይልቅ ልኬቱን፣ የመሸከም መለያ ቁጥሩን፣ የጥርሱን ዓይነትና ተቀባይነት ያለውን የምርት ዘመን እንዲገልጹ ይመከራሉ። እነዚህ አራት ነገሮች ካልተጠቀሱ በዝቅተኛ ዋጋ የሚያሸንፈው ጎማ ለሥራው የሚስማማ ስለመሆኑ ማረጋገጫ አይኖርም።

የሞተር ሳይክላቸውን የመጫን አቅም ለማወቅ የሚፈልጉ ተገልጋዮች በመጀመሪያ ሊብሬያቸውንና የአምራቹን መመሪያ ይመልከቱ። መመሪያው ከሌለ ወይም በሊብሬው ላይ የተመዘገበው ከተሽከርካሪው ጋር የማይገናኝ መስሎ ከታያቸው፣ ሊብሬውንና የታደሰ መታወቂያቸውን ይዘው ተሽከርካሪው በተመዘገበበት የትራንስፖርት ጽሕፈት ቤት በመቅረብ መጠየቅ ይችላሉ።